ያለ ሾፌር፦ ከዱባይ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ የተደረገ ጉዞ ማስታወሻ

ሾፌር የሌለው የሕዝብ ባቡር በዓለም ላይ አዲስ ነገር አይደለም። በጃፓኗ ኮቤ ከ1981፣ በፈረንሳይዋ ሊል ከ1983፣ በለንደን የወደብ ሠፈሮች ደግሞ ከ1987 ጀምሮ ሰዎች በየማለዳው ሾፌር በሌለው ባቡር ተሳፍረው ሥራ ሲገቡ ኖረዋል (በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሾፌር አልባው መኪና ግን ገና ትናንት የመጣ ሲሆን፣ ሕዝቡ ባቡሩን በተቀበለበት ልብ አልተቀበለውም። በከተማ ትራንስፖርት ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለማወቅ እጓጓ ነበር። በ2025 ኦክቶበር ወር ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አሜሪካ የምሄድበት አጋጣሚ ሲገኝ በዱባይ በኩል ለማለፍና፣ በደረስኩበት ሁሉ ያለ ሾፌር በሚሄደው እየተሳፈርኩ የሚሳፈሩትንም የማይሳፈሩትንም ለመጠየቅ ወሰንኩ።

ቅዳሜ፣ ዱባይ

ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ ከተርሚናል 1 ወጥቶ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይርቅ ሜትሮ ጣቢያ ይገባል። ኖል የሚባለውን ካርድ ገዝቼ፣ ገንዘብ አስሞልቼ ወደ ቀዩ መስመር መድረክ ወጣሁ። መጀመሪያ ልብ ያልኩት ባቡሩን ሳይሆን መድረኩን ነው። ተሳፋሪው የሚቆምበት ቦታ ከሐዲዱ በመስታወት ግድግዳ ተለይቷል፤ ባቡሩ ሲቆም የባቡሩ በርና የግድግዳው በር ፊት ለፊት ገጥመው አብረው ይከፈታሉ። ከዚያ መስታወት ወዲህ ያለ ሰው ሐዲዱ ላይ ሊወድቅም ሊሻገርም አይችልም። የእኛ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከ2015 ጀምሮ በሾፌር የሚነዳ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ እግረኛና መኪና ሐዲዱን ያቋርጣሉ። እዚያ ላይ ሾፌሩን ማንሳት ማንም የሚያስበው አይመስለኝም። ዱባይ ውስጥ ግን ከሾፌሩ በፊት መንገድ አቋራጩን ነው ያነሱት፤ ኮምፒውተሩ የተሰጠው መንገድ ድንገተኛ ነገር እንዳይገባበት አስቀድሞ የታጠረ ነው።

ሜትሮው የተከፈተው ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 ነው። አረንጓዴው መስመር በ2011 ተጨምሮ ሁለቱ ሲደመሩ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆናቸው፣ የዓለም ረጅሙ ሾፌር አልባ ሜትሮ ተብሎ በጊነስ መዝገብ ሠፍሮ ነበር። በባቡሩ ጫፍ፣ ሾፌር ሊቀመጥበት ይገባ በነበረው ቦታ ላይ፣ ትልቅ የፊት መስታወት አለ። እዚያ ስደርስ ሁለት ሕፃናት አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው በሰማይ ጠቀስ ፎቆች መካከል የሚመጣውን ሐዲድ ያያሉ። አባታቸው ተራ እንዲጠብቁ ይቆጣቸዋል፤ ሌሎች ልጆችም ከኋላ ቆመዋል። እነዚህ ልጆች ከፊት ያለውን ቦታ የሾፌር ቦታ አድርገው አያውቁትም። ለእነርሱ መንገድ ማያ መስኮት ነው፤ በዚያች ከተማ የተወለደ ትውልድ ባቡርን በዚህ መልክ አውቆ አድጓል።

እሑድ፣ ዱባይ

ዩኒየን ጣቢያ ቀዩና አረንጓዴው መስመር የሚገናኙበት፣ የዴራ ሠፈር ልብ ነው። በእረፍት ቀናቸው ወደ ሀበሻ ምግብ ቤቶች የሚሄዱ እህቶቻችን በዚህ በኩል ያልፋሉ። በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የደሴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ስለነበር ሰላምታ ተለዋውጠን ጨዋታ ጀመርን። ባቡሩ ሾፌር እንደሌለው ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ፤ መጀመሪያ የነገረችኝ እመቤቴ ናት። ደንግጬ ሁለት ሳምንት በአውቶቡስ ስመላለስ ቆየሁ፤» አለችኝ። «አሁን ግን ከታክሲው እሱ ይሻለኛል። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎ አለው፤ ዋጋውም ሳይሳፈሩ ይታወቃል። ማንም ከየት መጣሽ፣ ወዴት ነሽ አይለኝም።»

ከአነጋገሯ የተረዳሁት ፍርሃቷን ያባረረላት ስለ ቴክኖሎጂው የተሰጣት ማብራሪያ አለመሆኑን ነው። ሌሎች ሲሳፈሩ አየች፣ እሷም ሞከረች፣ ባቡሩም በየቀኑ በሰዓቱ መጣላት። በ2024 ኤፕሪል ዱባይን ያጥለቀለቀው ከባድ ዝናብ ሜትሮውን ሲያቋርጠውና አንዳንድ ጣቢያዎች ለሳምንታት ሲዘጉ እንኳ ሕዝቡ ያማረረው ስለ ውኃው ማስወገጃ እንደነበር ነገረችኝ፤ ሾፌር ቢኖር ኖሮ ያለ ሰው እሷ አልሰማችም። የባቡሮቹ መቆጣጠሪያ ማዕከል ራሺዲያ ነው፤ ሌሊትና ቀን ሰዎች ስክሪን ፊት ተቀምጠው እያንዳንዱን ባቡር ይከታተላሉ፣ ተሳፋሪም በየፉርጎው ባለው የአደጋ ጊዜ መነጋገሪያ ይደርስባቸዋል። ለንደኖችም በ1987 ሾፌሩን ሲያስቀሩ በየባቡሩ ውስጥ በር የሚዘጋና ተሳፋሪ የሚያነጋግር ሠራተኛ አስቀምጠው ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተነሳም።

ሰኞ፣ በመንገድ

ቀኑ በአውሮፕላን አለቀ። ዋሽንግተን ደለስ ከወረድን በኋላ ኤሮትሬን የሚባለው፣ ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው ሾፌር አልባ ባቡር በተርሚናሎቹ መካከል እንደሚመላለስ አየሁ። ከአጠገቤ ያሉት መንገደኞች ስልካቸውን እያዩ ይገባሉ፣ ስልካቸውን እያዩ ይወጣሉ።

ማክሰኞ፣ ዋሽንግተን

ዛሬ ያየሁት ነገር ከጉዞው ሁሉ ከብዶኛል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ተሳፍሬ ወደ መሃል ከተማ ስሄድ ታኮማን አልፈን ፎርት ቶተን ከመድረሳችን በፊት ያለውን ቦታ አየሁት፤ እዚያ ላይ ነው ጁን 22 ቀን 2009 ሰዎች ከሥራ በሚመለሱበት ሰዓት፣ አንድ ባቡር ቆሞ የነበረውን ሌላ ባቡር ከኋላ ገጨው። ሾፌሯን ጨምሮ 9 ሰዎች ሞቱ። የሞተችው ሾፌር በቦታዋ ተቀምጣ ነበር፤ ባቡሩን ይነዳ የነበረው ግን ኮምፒውተሩ ነው።

ምክንያቱ ተጣርቶ ታውቋል። በሐዲዱ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ምልክት ባቡር የት እንዳለ ለሥርዓቱ ይነግራል። በዚያ ቦታ መሣሪያው በትክክል አልሠራም ነበርና የቆመው ባቡር ከሥርዓቱ እይታ ጠፋ፤ ከኋላ ለሚመጣውም መንገዱ ባዶ ነው የሚል ትእዛዝ ተላለፈ። ሾፌሯ ከፊቷ ያለውን ባቡር ስታይ የአደጋ ጊዜ ፍሬኑን ይዛ ነበር፣ ሆኖም ርቀቱ አልበቃትም። እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ በ2005 ሮዝሊን አጠገብ ተመሳሳይ ብልሽት ታይቶ፣ መፈተሻ መንገድም ተዘጋጅቶለት ሳለ በየቦታው ሥራ ላይ አለመዋሉ ነው። ይህ የማሽን ጉድለት ተብሎ ቢጻፍም ከበስተጀርባው የሰዎች ችላ ማለት አለ።

ፎርት ቶተን ወርጄ በእግሬ ወደ መታሰቢያ መናፈሻው ሄድኩ። በ2015 የተመረቀ ሲሆን ለዘጠኙ ሟቾች ዘጠኝ የድንጋይ ሐውልቶች ቆመውበታል።

ከአደጋው በኋላ የዋሽንግተን ባቡሮች ለ15 ዓመታት በሾፌር እጅ ተነዱ። ኮምፒውተሩ ወደ ቀዩ መስመር የተመለሰው በ2024 ዲሴምበር ነው፤ በ2025 አጋማሽ ላይ ደግሞ ሌሎቹ መስመሮች ሁሉ ተከተሉ። ሾፌሩ አሁንም በክፍሉ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት የምትሠራና በዚሁ መስመር ለብዙ ዓመታት የተመላለሰች ኢትዮጵያዊት ለውጡን ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት አላወቀችም ነበር። ድሮ ሲነሳና ሲቆም ያንገላታት የነበረው ባቡር በቅርቡ እንደተሻለው ብቻ አስተውላለች። ነገሩን ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ «ሰውዬው ግን አለ አይደል?» አለችኝ። አለ ስላት እፎይ አለች። ያ ሰው በዚያ ፍጥነት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አልጠየቀችኝም። በ2009ኙ አደጋ ሰው መኖሩ አደጋውን እንዳላስቀረው ብታውቅም ለእሷ የሰው መኖር ዋስትና ነው፤ ከእሷ ጋር አብሮ የሚሞት ሰው ግዴለሽ አይሆንም ብላ ታስባለች። ይህን ስሜት እንደ አላዋቂነት የሚያዩ መሐንዲሶች አጋጥመውኛል። እኔ ግን የተሳፋሪ ተገቢ ጥያቄ አድርጌ አየዋለሁ፤ ጥያቄው ደግሞ ከእኔ ጋር አደጋውን የሚጋራው ማነው የሚል ነው።

ረቡዕ፣ ዋሽንግተን

ያጎቴ ልጅ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። ሁለት ልጆቹን በታክሲ አስተምሮ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲና ራይድ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዛት የታወቀ ነው፤ አብሮኝ ወደ አንድ የሀበሻ ቡና ቤት ሲወስደኝ ከሱ ጓደኞች ጋር ሰፊ ጨዋታ ሆነ።

የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ትሪፕል ኤ በ2025 ባወጣው ጥናት ከአሥር አሜሪካዊ አሽከርካሪዎች ስድስቱ ሾፌር አልባ መኪና ውስጥ ለመቀመጥ እንደሚፈሩ፣ የሚያምኑት ደግሞ 13 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። ይህን ባነሳ ጊዜ ሁሉም ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ያጎቴ ልጅ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ እኔ ማሽኑ ይሳሳታል ብዬ አይደለም የምሰጋው፤ አይሳሳትም ብዬ ነው። ሕዝቡ ዛሬ ቢፈራ ነገ ይለምዳል። ኡበር ሲመጣም የማያውቁት ሰው መኪና ውስጥ ማን ይገባል ብለን ነበር።»

ዌይሞ የሚባለው ሾፌር አልባ ታክሲ የሚያሠማራ ኩባንያ በ2026 በዋሽንግተን ሥራ እንደሚጀምር በ2025 ማርች አስታውቋል፤ የከተማው ሕግ ግን መሪውን የሚይዝ ሰው ሳይኖር እንዲነዳ እስከዚህ ጉዞዬ ድረስ አልፈቀደም ነበር። ሾፌሮቹ የምክር ቤቱን ስብሰባዎች እየተከታተሉ ነው። ከመካከላቸው አንድ በዕድሜ የገፉ አባት በትሕትና የተናገሩትን እዚህ ላስፍረው፦ የእሳቸው ደንበኞች ሐኪም ቤት የሚመላለሱ አዛውንት ናቸው፤ እጃቸውን ይዘው ከደረጃ ያወርዷቸዋል፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን አጥፈው ከኋላ ይጭናሉ፣ ደርሰውም በር ያንኳኳሉ። ማሽኑ መንዳቱን ይችለው ይሆናል፤ ይህን ሥራ ማን እንደሚወስደው ግን የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። የአዋቂዎቹ ክርክር ሁልጊዜ ስለ አደጋ ቁጥር ስለሆነ ይህ ጥያቄ ቦታ አያገኝም፤ ሊያገኝ ግን ይገባዋል።

ሐሙስ፣ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ

የሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ኤርትሬንም ሾፌር የለውም። እሱን ይዤ ወደ ባርት ባቡር ተሻገርኩ። ባርት በ1972 ሴፕቴምበር ሲከፈት በኮምፒውተር በመነዳቱ ብዙ የተወራለት ሲሆን፣ ሳምንታት ሳይቆይ ኦክቶበር 2 ቀን በፍሪሞንት መጨረሻ ጣቢያ አንድ ባቡር መቆም ሲገባው ፍጥነት ጨምሮ ከሐዲዱ ማብቂያ አልፎ ወጣ። አንዲት ትንሽ የክሪስታል አካል ተበላሽታ የፍጥነት ትእዛዙን አዛብታ ኖሯል። የሞተ ሰው አልነበረም፣ ጥቂቶች ግን ተጎዱ። ዛሬም ባቡሩን የሚነዳው ኮምፒውተር ሲሆን ከፊት ክፍል ውስጥ ሠራተኛ አለ።

ዓርብ፣ ሳን ፍራንሲስኮ

ከሚሽን ሠፈር ወደ ቻይናታውን ዌይሞ ጠራሁ። ስልኬ ላይ መኪናው የት እንደደረሰ ታየኝ፤ ነጩ ጃጓር መጥቶ ሲቆም አናቱ ላይ ባለው ተሽከርካሪ ቆብ የስሜ የመጀመሪያ ፊደላት በመብራት ተጽፈዋል። ከበሩ ጋር ተጣብቆ የነበረው እጀታ ከስልኬ ስከፍተው ወደ ውጭ ብቅ አለ። ከኋላ ተቀመጥኩ፣ ቀበቶ እንዳስር በድምፅ ተነገረኝ፤ ከፊቴ ባለው ስክሪን ላይ ጉዞ መጀመሪያውን ስነካ መኪናው ግራና ቀኙን አይቶ ቀስ ብሎ ወጣ።

መሪው ብቻውን ሲዞር ማየት ከባቡር ጋር የማይገናኝ ነገር ነው። ባቡር ላይ የጎደለውን አያዩትም፤ እዚህ ግን ባዶው ወንበር፣ የሚሽከረከረው መሪና ማንም የማይረግጠው ፍሬን ፊት ለፊት ናቸው። ስክሪኑ ላይ በዙሪያችን ያሉ መኪኖች፣ ብስክሌተኞችና እግረኞች እንደ ጥላ ተስለው ይንቀሳቀሳሉ። ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ የወጣችን ሴት እኔ ከማየቴ በፊት ስክሪኑ አሳየኝ፤ መኪናውም ፍጥነቱን ቀንሶ አሳለፋት። ይህ ሞዴል 29 ካሜራዎች አሉት፤ ራዳርና በጨረር ርቀት የሚለካ ላይዳር ደግሞ ተጨምረውለታል። ሁለት ሰፈር ሳናልፍ የያዝኩትን የበር እጀታ ለቅቄ መስኮት አያለሁ።

ከውጭ ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ አያይም። የእግረኛ ማቋረጫ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው ወደ መኪናው ተመለከቱ፤ እጃቸውን አነሱ፣ ሾፌር ፈለጉ፣ አጡ። በአዲስ አበባ መንገድ የሚሻገር ሰው ሾፌሩን ዓይን ዓይኑን አይቶ፣ አንገቱን ነቅነቅ ሲያደርግለት ነው የሚገባው። መኪናው ቆሟል፤ ቆቡ ላይም የእግረኛ ምልክት አብርቷል፤ እሳቸው ግን ምልክቱ ለማን እንደሆነ ስላላመኑ ብዙ አመንትተው ነው የተሻገሩት። ተሳፋሪው ስልክ አለው፣ የድጋፍ ሠራተኛ መጥሪያ አለው፤ እግረኛው ግን ምንም ውል ሳይፈርምና ሳይጠየቅ የሙከራው ተካፋይ ሆኗል። በዚህች ከተማ ያለው ቁጣ በአብዛኛው ከተሳፋሪ ሳይሆን ከአላፊ አግዳሚ የመጣው ለዚህ ይመስለኛል።

የወረድኩት ጃክሰን ጎዳና ላይ ነው። በ2024 ፌብሩዋሪ፣ የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሲከበር፣ ሕዝቡ በዚህ ጎዳና አንድ ዌይሞ ከብቦ መስታወቱን ሰባብሮ አቃጥሎታል፤ በውስጡ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የብስክሌትና የእግረኛ ተቆርቋሪዎች የመንገድ ኮን በመኪኖቹ ኮፈን ላይ እያስቀመጡ ያስቆሟቸው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም መኪኖቹ ሥራቸውን ያደናቀፉባቸውን ከ50 በላይ አጋጣሚዎች በ2023 መዝግበዋል። በሌላ በኩል በዚያው ዓመት ኦገስት የግዛቱ ኮሚሽን ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ለሰዓታት በዘለቀው የሕዝብ አስተያየት ላይ ዓይነ ስውራን ቀርበው መኪኖቹን ደግፈዋል፤ የሚመራቸውን ውሻ አይተው ትተዋቸው የሚሄዱ ሾፌሮች ስላስቸገሯቸው። ሴቶችም ማታ ከማያውቁት ሾፌር ይልቅ ባዶውን ወንበር እንደሚመርጡ ይናገራሉ። ሆኖም በ2024 ሴፕቴምበር ሁለት ወንዶች የአንዲት ሴት ተሳፋሪ መኪና ፊት ቆመው ስልክ ቁጥሯን ሲጠይቁ፣ እግረኛ እንዳይገጭ የተሠራው መኪና መንቀሳቀስ አልቻለም።

ከሁሉም በላይ እምነትን ያናጋው ክሩዝ የተባለው ሌላ የሾፌር አልባ ታክሲ ኩባንያ ጉዳይ ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 2023 ሰው የሚነዳው መኪና አንዲት እግረኛ ገጭቶ በክሩዝ ሾፌር አልባ መኪና ፊት ጣላት፤ እሱም ገጭቷት ከቆመ በኋላ ወደ ጥግ ለመውጣት ሲነሳ 6 ሜትር ያህል ከሥሩ ጎተታት። የመጀመሪያው ጥፋት የሰው ነበር። ኩባንያው ግን መጎተቱን ለተቆጣጣሪዎች በግልጽ አላስታወቀም፤ ፈቃዱ በዚያው ወር ታገደ፣ በ2024ም ሐሰተኛ ሪፖርት በማቅረቡ 500,000 ዶላር ተቀጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ባለቤቱ ጄኔራል ሞተርስ ለታክሲ አገልግሎቱ ገንዘብ መስጠቱን አቆመ። ሰው ስህተትን ይቅር ሊል ይችላል፤ የተደበቀን ግን ይቅር አይልም፣ ማለትም የለበትም።

ቅዳሜ፣ ኦክላንድ

ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ ምሳ ስንበላ ወሬው ሁሉ ሳን ብሩኖ ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ የዚያች ከተማ ፖሊሶች ጠጥተው የሚነዱ ሰዎችን ለመያዝ ሲጠብቁ አንድ ዌይሞ በተከለከለ ቦታ ሲዞር አይተው አስቆሙት። መስኮቱን ሲያዩ ሰው የለም። የቅጣት ወረቀቱ የሚጻፈው በሾፌር ስም ስለሆነ ለኩባንያው ደውለው መኪናውን አሰናበቱት። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ፖሊስ ለእንደነዚህ መኪኖች ኩባንያ የጥሰት ማስታወቂያ እንዲሰጥ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታለች፤ ማስታወቂያው ለግዛቱ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ይደርሳል።

አብራን የተቀመጠች ወጣት እናት ልጇን ከትምህርት ቤት ለማምጣት እንኳ ዌይሞን ከማንኛውም ሾፌር ይልቅ እንደምታምን ተናገረች፤ አይደክመውም፣ ስልክ አያነሳም፣ አይቆጣም አለች። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው፣ እንደ ኡበር ላለው ሊፍት ለተባለው ኩባንያ የሚነዳው ወንድማችን አልተቃወማት። «መንዳቱን ከእኔ የተሻለ ይነዳ ይሆናል እህቴ፤» አላት። «እኔ ግን እዚያው ቦታ ብዞር ቅጣቱን እከፍላለሁ፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ ነጥብ ይያዝብኛል፣ ኢንሹራንሴም ይጨምራል። እሱም እንደኔ ይጠየቅና ያን ጊዜ እንወዳደር።»